ሊበራሊዝምን ያዳከመው የማንነት ጥያቄ ነውን? የምላሽ ጽሑፍ

ሊበራሊዝም በዘመናችን ስለ ደረሰበት መዳከም የሚያትት አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ በቅርቡ አንብቤያለሁ። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ ሊበራሊዝም ሰውን በግለሰብነቱ ብቻ የሚያይ፣ ዘሩንም ሆነ ጾታውን ወይም ሃይማኖቱን የማይጠይቅ ሥርዓት ነበር፤ ካለፉት አምስት ዐሥርት ዓመታት ወዲህ ግን ሰዎች በዘራቸው፣ በጾታቸው ወይም በሃይማኖታቸው ስም ተደራጅተው መብት የሚጠይቁበት የማንነት ፖለቲካ ገብቶበት ዜጎችን በየጎራቸው ከፋፈላቸው። ከዚህ ተነሥተው አምስት ነጥቦችን ያቀርባሉ። የማንነት ፖለቲካ ለሊበራሊዝም ባዕድ እንደ ሆነ፣ መንግሥት ለቡድን ልዩነት ፍጹም ዐይኑን መጨፈን እንዳለበት፣ የማንነት ጥያቄ የኑሮን ጥያቄ አስረስቶ ሠራተኛውን ወደ ቀኝ አክራሪዎች እንደ ገፋ፣ «የደረሰብኝን አንተ ልታውቀው አትችልም» የሚለው አነጋገር ክርክርን እንደ ገደለ፣ በመጨረሻም ለቡድን ዕውቅና የሰጠ ሕገ መንግሥት ሁሉ መዳረሻው መፍረስ እንደ ሆነ ይከራከራሉ። የሚሰጡት ምክርም ሊበራል ፓርቲዎች ሥልጣን ይዘው እስኪደላደሉ ድረስ የቡድን ጥያቄዎችን ያቆዩ የሚል ነው።

ጽሑፉ ስድብ የሌለበትና ለነገሩ ከልብ በሚቆረቆር ሰው የተጻፈ በመሆኑ ተገቢ ምላሽ ይገባዋል። እኔም እንደ እርሳቸው ሊበራሊዝም እንዲጸና የምሻ ነኝ፤ የምንለያየው በሕመሙ ምክንያት ላይ ነው። በእኔ እምነት የማንነት ጥያቄ የተነሣው ሊበራሊዝም ለሰው ልጅ ሁሉ ብሎ ያወጀውን መብት ለጥቂቶች ብቻ በመስጠቱ ነው። ጥያቄውንም የምመዝነው ሲመለስ በሚያስገኘው ነገር ነው፤ በመጨረሻ ማንም ሰው ሊጠቀምበት የሚችል መብት ካስገኘ የሊበራሊዝም አካል ነው፣ ሰውን በትውልዱ አስሮ የሚያስቀር ከሆነ ግን የጸሐፊው ስጋት የእኔም ስጋት ነው።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ነውና ከመጀመሪያው ነጥብ ልጀምር። ጸሐፊው የማንነት ፖለቲካን ልደት 1977 ላይ ያስቀምጡታል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ዓመት በቦስተን የተሰባሰቡ ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ኮምባሂ ሪቨር ኮሌክቲቭ በተባለው ስብስባቸው ስም ያወጡት መግለጫ ስያሜውን እንዳስተዋወቀ እኔም እቀበላለሁ። ነገሩ ግን ከስያሜው እጅግ ይቀድማል። የፈረንሳይ ብሔራዊ ጉባኤ በ1789 ሰዎች ነጻና በመብት እኩል ሆነው እንደሚወለዱ ሲያውጅ፣ ሁለት ዓመት ቆይቶ የጸደቀው ሕገ መንግሥት ግን የመምረጥ መብት የሰጠው የተወሰነ ግብር ለሚከፍሉ ወንዶች ብቻ ነበር። ኦላምፕ ደ ጉዥ የተባለችው ጸሐፊ በዚያው በ1791 የመብት መግለጫውን አንቀጽ በአንቀጽ እየተከተለች ለሴቶች የሚሆን መግለጫ አዘጋጀች፤ በ1793 የሴቶች የፖለቲካ ማኅበራት ታገዱ፣ የፈረንሳይ ሴቶችም የመምረጥ መብት በሕግ ያገኙት በ1944 ነው። ደ ጉዥ ዜጎችን በጾታ ከፋፈለች ሊባል አይችልም፤ ክፍፍሉ እርሷ ብዕሯን ከማንሣቷ በፊት በሕጉ ውስጥ ሰፍሮ ነበር።

በዚያው መንግሥት ሥር በምትተዳደረው የካሪቢያን ቅኝ ግዛት፣ በሳን ዶማንግ፣ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሰዎች በባርነት ይማቅቁ ነበር። በ1791 ተነሡ፤ የፓሪሱ ጉባኤ በ1794 ባርነትን ሻረ፤ ናፖሊዮን ግን ሠራዊት ላከባቸው፣ በ1802ም በቅኝ ግዛቶች ባርነትን መለሰ። ሰዎቹም ተዋግተው በ1804 ሃይቲ የተባለችውን ነጻ አገር መሠረቱ። በ1805 ያወጡት ሕገ መንግሥት፣ የሃይቲ ዜጋ ሁሉ የቆዳው ቀለም ምንም ይሁን ምን «ጥቁር» ተብሎ እንዲጠራ ደነገገ፤ ዜግነት የተሰጣቸው ፖላንዳውያንና ጀርመኖች ሳይቀሩ በዚህ ስም ገቡበት። ይኸው ሕገ መንግሥት ሌሎች ነጮች በአገሪቱ ንብረት እንዳያፈሩ መከልከሉን አልሸሽግም፤ ክልከላው ባርነት ዳግመኛ ይመጣብናል ከሚል ፍርሃት የመነጨ ቢሆንም በጅምላ የተጣለ ነበርና በጸሐፊው ሚዛን ቢወቀስ አልከራከርም። ነገር ግን ለማዋረጃ የተሰጣቸውን ስም የዜግነት ስም አድርገው ለፖላንዳዊው ያካፈሉ ሰዎች የፈጸሙትን ድርጊት «ጎሰኝነት» ብሎ ማለፍ ፍርደ ገምድልነት ነው። የሰው ልጆች ሁሉ እኩል ናቸው የሚለውን አዋጅ በዘመኑ ከማንም በላይ አምነው የተዋጉለት እነርሱ ናቸው።

አንድ ምሳሌ ልጨምር፤ ይህ ምሳሌ ግለሰብና ቡድን በሕግ ፊት እንዴት እንደሚተያዩ ከሁሉም ይልቅ በግልጽ ያሳያል ብዬ አምናለሁ። በ1790 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ከውጭ የመጣ ሰው ዜግነት ሊያገኝ የሚችለው «ነጻ የሆነ ነጭ ሰው» ከሆነ ብቻ እንደ ሆነ ደንግጎ ነበር። ታካዎ ኦዛዋ የተባለ ጃፓን የተወለደ ሰው ቆዳዬ ነጭ ነው ብሎ ሲከራከር፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1922 ነገሩ የቆዳ መንጣት አይደለም፣ ሕጉ ነጭ የሚለው ካውካሲያን የሚባለውን ዘር ነው ብሎ መለሰው። ጥቂት ወራት ቆይቶ በ1923 ባጋት ሲንግ ቲንድ የተባለ ሕንድ የተወለደና በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በአሜሪካ ጦር ውስጥ ያገለገለ ሰው፣ የዘመኑ የዘር ተመራማሪዎች የእኔን ወገን ካውካሲያን ይሉታል ብሎ ቀረበ። ያው ፍርድ ቤት፣ ያንኑ የመጀመሪያውን ውሳኔ በጻፉት በዳኛ ጆርጅ ሰዘርላንድ ብዕር፣ ነጭ ማለት ተራው ሰው በተለምዶ ነጭ ብሎ የሚያውቀው እንጂ ተመራማሪ የሚለው አይደለም ብሎ እርሱንም አሰናበተው። በዜግነት ማግኘት ላይ የተጣለው የዘር ገደብ ሙሉ በሙሉ የተነሣው በ1952 ነው። ሁለቱም ሰዎች ፍርድ ቤት የቀረቡት እያንዳንዳቸው በግላቸው፣ የሚገባኝ ይሰጠኝ ብለው ነው። አንዱን ጃፓናዊ፣ ሌላውን ሕንዳዊ አድርጎ የመለሳቸው መንግሥት ነው። እንዲህ ያለ ሕግ ለአንድ መቶ ስድሳ ሁለት ዓመት በጸናበት አገር የተገፉት ሰዎች በተገፉበት ስም ቢደራጁ ምን ያስደንቃል?

ሁለተኛው ነጥብ፣ መንግሥት ለልዩነት ዐይኑን ይጨፍን የሚለው፣ ከአምስቱ ሁሉ የሚማርከው ነው፤ ጸሐፊውም ጆን ማርሻል ሃርላን የተባሉት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ በ1896 ከአብዛኞቹ ባልደረቦቻቸው ተለይተው፣ የባቡር መንገደኞችን በዘር መለየት ሕጋዊ ነው የሚለውን ውሳኔ በመቃወም ሕገ መንግሥታችን ቀለም አይለይም ማለታቸውን በትክክል ጠቅሰዋል። ሃርላን ያን ያሉት በደሉን ዐይናቸውን ገልጠው አይተው ነው። ሕግ የማንንም ዘር ሳይጠራ ዘርን ለይቶ ሊመታ እንደሚችልም ታሪክ ያስተምራል። በደቡባዊ የአሜሪካ ግዛቶች የወጡ አንዳንድ የምርጫ ሕጎች ጥቁር የሚል ቃል አልነበራቸውም፤ መራጩ የማንበብና የመጻፍ ፈተና እንዲያልፍ ይጠይቁና አያቱ ጥቁሮች የመምረጥ መብት ከማግኘታቸው በፊት መራጭ የነበረ ሰው ግን ከፈተናው ነጻ ይሁን ይላሉ። የባሪያ አያት መራጭ እንዳልነበረ ሕግ አውጪው ያውቃል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን ዘዴ በ1915 የሻረው ከቃሉ አልፎ ሕጉ ማንን እንደሚመታ ስላየ ነው፤ ዐይኑን ቢጨፍን ኖሮ ሕጉ እንከን አልነበረውም።

የተወረሰ በደልም አለ። በ1934 የተቋቋመው የአሜሪካ ፌዴራል የቤቶች አስተዳደር ለቤት መግዣ ብድር ዋስትና ሲሰጥ ጥቁሮች የሚኖሩባቸውን ሰፈሮች አደገኛ ብሎ ይተዋቸው ነበር፤ በቤት ሽያጭና ኪራይ ላይ በዘር መለየት በፌዴራል ሕግ የተከለከለው በ1968 ነው። በእነዚያ ዓመታት ቤት የገዛ ቤተሰብ ሀብቱን ለልጁ አወረሰ፤ ያልተፈቀደለትም ያላገኘውን አላወረሰም። ከ1968 ጀምሮ መንግሥት ቀለም አላይም ቢል የቀደመው ማየቱ ያስከተለው ውጤት በየቤተሰቡ የባንክ ደብተር ውስጥ ይቀጥላል። ለማረም የሚፈልግ ሰው ደግሞ ማን ምን እንዳጣ መቁጠር ይኖርበታል።

ጸሐፊው እዚህ ላይ ልዩ ድጋፍ አንዴ ከተጀመረ ማቆሚያ የለውም ሊሉ እንደሚችሉ እገምታለሁ፤ ጭብጥ ያለው ስጋት ነው። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1992 ለኋላ ቀር ወገኖች የተመደበውን የ27 በመቶ የመንግሥት ሥራ ኮታ ሲያጸድቅ ያደረገውን ግን ማየት ይጠቅማል። የኮታው ድምር በመርሕ ደረጃ ከ50 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ከእነዚሁ ወገኖች መካከል በሀብትና በሥልጣን የደረጁት ከተጠቃሚነት እንዲወጡም አዘዘ። ድጋፉ ለቡድኑ ስም ሳይሆን ለጉዳቱ መሆኑ በዚህ ታወቀ። ገደቡ ኋላ ላይ በፖለቲከኞች መሸርሸሩ እውነት ቢሆንም፣ ሊበራል ፍርድ ቤት ቡድንን እያየ ግለሰብን ሳይረሳ ሊዳኝ እንደሚችል ያሳያል።

ሦስተኛው ነጥብ የጸሐፊው ክርክር ምሰሶ ስለ ሆነ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ። የማንነት ጥያቄ የኑሮን ጥያቄ ተካው ይላሉ። በአሜሪካ፣ በሜምፊስ ከተማ በ1968 የሆነውን ላስታውስ። በፌብሩዋሪ መጀመሪያ፣ ከባድ ዝናብ ሲጥል፣ ሁለት ጥቁር የቆሻሻ ሰብሳቢ ሠራተኞች በመኪናው የኋላ ክፍል ተጠለሉ፤ የቆሻሻ መጭመቂያው ማሽን በብልሽት ተነሥቶ ሁለቱንም ጨፍልቆ ገደላቸው። ከቀናት በኋላ 1,300 ያህል የሥራ ባልደረቦቻቸው ሥራ አቆሙ። የጠየቁት የደመወዝ ጭማሪ፣ ሕይወታቸውን ከአደጋ የሚጠብቅ የሥራ ቦታና ለማኅበራቸው ዕውቅና ነበር። ይዘውት የተሰለፉት ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ግን ስለ ደመወዝ አልነበረም፤ «እኔ ሰው ነኝ» የሚል ነበር። ማርቲን ሉተር ኪንግ ሊደግፏቸው ወደዚያች ከተማ እንደ ሄዱ በኤፕሪል 4 ተገደሉ፤ ከዐሥራ ሁለት ቀን በኋላ ከተማው ለማኅበሩ ዕውቅና ሰጥቶ ስምምነት ተደረገ።

የእነዚህ ሰዎች ሰልፍ የማንነት ነው ወይስ የኑሮ? ጸሐፊው ከሁለቱ አንዱን እንድንመርጥ ይጠይቁናል፤ ሠራተኞቹ ግን ምርጫው አልቀረበላቸውም። ደመወዛቸው ዝቅ ያለው፣ ማሽኑም ሳይጠገን የቆየው ከተማው የእነርሱን ሕይወት ርካሽ አድርጎ ስለ ቆጠረ ነው። የዘር ንቀቱን ሳይነኩ ደመወዙን ማስተካከል፣ ደመወዙን ሳይነኩም ንቀቱን ማጥፋት አይቻልም ነበር። በሰሌዳቸው ላይ የጻፉት ደግሞ ለየትኛውም የሰው ልጅ የሚሆን ቃል ነው።

የሠራተኛው መደብ ለምን ከሊበራል ፓርቲዎች ራቀ ለሚለው ሌላ መልስ አለ። በአሜሪካ በ1983 ከደመወዝተኛው 20 በመቶ ያህሉ የሠራተኛ ማኅበር አባል ነበር፤ ዛሬ 10 በመቶ ገደማ ነው። ቻይና በ2001 መጨረሻ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ከሆነች በኋላ የፋብሪካ ከተሞች ሥራ ሲያጡ የተሠራላቸው በቂ የማቋቋሚያ ዕቅድ አልነበረም። በ2008 የገንዘብ ቀውስ ባንኮቹ በሕዝብ ገንዘብ ሲድኑ ብዙ ባለዕዳ ቤተሰብ ቤቱን ተነጠቀ። እነዚህን ውሳኔዎች የወሰኑት የገንዘብ ሚኒስትሮች፣ ማዕከላዊ ባንኮችና ምክር ቤቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም ራሳቸውን ሊበራል ብለው የሚጠሩ ነበሩ። ከሥራው የተፈናቀለው ሰው ቁጣ ተገቢ ነው፤ ቁጣውን ግን የማንነት መብት ጠያቂዎች ጫንቃ ላይ መጣል አጥፊውን ነጻ አውጥቶ ሌላ ተበዳይ መፍጠር ነው።

በአንድ ነገር ከጸሐፊው ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። የሥራ አመራር ቦርዱን በጾታና በቀለም አሰባጥሮ እያስተዋወቀ በመጋዘኑ የሚደክሙ ሠራተኞች ማኅበር እንዳያቋቁሙ የሚታገል ኩባንያ የእኩልነት ወዳጅ አይደለም፤ የፓርቲ መሪዎችም እንዲህ ያለውን ርካሽ ማስመሰል ለፍትሕ ምትክ አድርገው ሲያቀርቡ ሊወቀሱ ይገባል። ይሁንና ጸሐፊው ወቀሳቸውን በአንድ ወገን ብቻ ማቆማቸው አሳዝኖኛል። በወቅቱ የሃንጋሪ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ቪክቶር ኦርባን በ2014 የሚገነቡት መንግሥት ሊበራል እንዳልሆነ በይፋ ሲናገሩ የቆሙት በብሔርና በክርስቲያናዊ ማንነት ስም ነው። ለአብዛኛው ሕዝብ ማንነት መቆርቆር «አገር ወዳድነት»፣ የአናሳዎቹ ግን «የማንነት ፖለቲካ» የሚባል ከሆነ ሚዛኑ አስቀድሞ አጋድሏል። የሕግ የበላይነትን በተግባር የሸረሸረው የትኛው እንደ ሆነ ለመመስከር በሃንጋሪ በፍርድ ቤቶችና በመገናኛ ብዙኃን ላይ የደረሰው ይበቃል።

በአራተኛው ነጥብ ላይ ብዙ ክርክር የለኝም። «አንተ ከእኛ ወገን ስላልሆንህ ዝም በል» ማለት ክርክርን ይገድላል፣ ለተናጋሪውም አይጠቅመውም፤ ሌላው ሰው ሊረዳው ለማይችል በደል ሌላውን ሰው አጋር ማድረግ አይቻልምና። ይሁን እንጂ ምስክርነትና ፍርድ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ጸሐፊው ዘለዋቸዋል። ፍሬድሪክ ዳግላስ በ1838 ከባርነት ያመለጡ ሰው ናቸው፤ ጅራፉን በገላቸው ስለሚያውቁት መሰከሩ፣ ከዚያም አልፈው የአሜሪካን ሕገ መንግሥት አንቀጾች እየጠቀሱ ባሪያ አሳዳሪዎችን በገዛ ሕጋቸው ተከራከሩ። አድማጩ ዳግላስን ሊመረምር፣ ሊጠይቅ፣ ሊቃወምም ይችል ነበር። ምስክርነታቸውን ሳይሰማ ግን ስለ ባርነት የሚፈርድ ሰው ፍርዱ ጎደሎ ይሆናል።

አምስተኛው ነጥብ ላይ ጸሐፊው የሚጠቅሷቸው አገሮች ቦስኒያና ሊባኖስ ናቸው፤ ምሳሌዎቹም ከባድ ናቸው። ጦርነቱን ባቆመው በ1995ቱ የዴይተን ስምምነት መሠረት የቦስኒያን የፕሬዚዳንትነት ምክር ቤት የሚይዙት አንድ ቦስኒያክ (የቦስኒያ ሙስሊም)፣ አንድ ክሮአትና አንድ ሰርብ ብቻ ናቸው። ያኮብ ፊንቺ የተባሉት የአይሁድ ማኅበረሰብ መሪ ለምርጫ ኮሚሽኑ ጽፈው ሲጠይቁ፣ በትውልዳቸው አይሁዳዊ በመሆናቸው መወዳደር እንደማይችሉ በ2007 በጽሑፍ ተረጋገጠላቸው። ሮማ ከተባለው አናሳ የአውሮፓ ሕዝብ ከመጡት ከዴርቮ ሴይዲች ጋር ሆነው ጉዳዩን ወደ አውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ወሰዱት፤ በ2009 ተፈረደላቸው፤ ሕገ መንግሥቱ ግን ለረጅም ዓመታት ሳይሻሻል ቆይቷል። በሊባኖስም የ1943ቱ ስምምነት የምክር ቤቱን ወንበር ለክርስቲያኖች ስድስት፣ ለሙስሊሞች አምስት እያደረገ ያከፋፍል የነበረው በ1932 ቆጠራ ላይ ተመሥርቶ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ይፋዊ የሕዝብ ቆጠራ አልተደረገም፣ ቁጥሩ ቢታወቅ ክፍፍሉ ይናጋልና። ይህ በእውነት ከድጡ ወደ ማጡ ነው፤ ወገኖችን ለማስማማት የተዘረጋ የድልድል ሥርዓት ዜጋውን ከነልጆቹ አስሮ አስቀርቷል።

ከዚህ ተነሥቶ ግን ለቡድን ዕውቅና መስጠት ሁሉ መፍረስን ያመጣል ማለት ማስረጃውን ከሚችለው በላይ ማሸከም ነው። በጣሊያን ሰሜናዊ ጠረፍ ያለችው ደቡብ ቲሮል ጀርመንኛ ተናጋሪዎቿ በፋሺስቶች ዘመን ትምህርት ቤቶቻቸው የተዘጉባት፣ በ1961 ተቃዋሚዎች የኤሌክትሪክ ምሰሶዎችን በቦምብ ያፈራረሱባት ምድር ናት። በ1972 ሰፊ የራስ አስተዳደር ተሰጣት፤ ትምህርት በየቋንቋው ሆነ፣ የመንግሥት ሥራ በቋንቋ ማኅበረሰቦቹ ብዛት ተደለደለ። ኦስትሪያ በ1992 በዚህች ምድር ጉዳይ ከጣሊያን ጋር የነበራት ክርክር ማብቃቱን ለተባበሩት መንግሥታት አሳወቀች። ድልድሉ ዛሬም የሚያስቸግራቸው ሰዎች አሉ፤ በተለይ ከሁለት ቋንቋ ተናጋሪ ወላጆች የተወለዱት አንዱን ወገን እንዲመርጡ መገደዳቸው እኔንም ቅር ይለኛል። ነገር ግን ነዋሪው የትኛው ቋንቋ ማኅበረሰብ አባል እንደ ሆነ የሚያሳውቀው ራሱ ነው፤ መብቱ ቢጣስም የሚዳኘው ከቡድኖቹ ሁሉ በላይ የሆነ ሕገ መንግሥት አለ። በቦስኒያ የቀረው ይህ ነው፤ እዚያ አግላዩ ሕገ መንግሥቱ ራሱ ነው። ፊንቺና ሴይዲችም የቡድን ድልድልን የታገሉት ጸሐፊው እንደሚመክሩት ማንነታቸውን ደብቀው አይደለም፤ አንዱ አይሁዳዊ ነኝ፣ ሌላው ሮማ ነኝ ብለው፣ የግለሰብን መብት ይዘው ነው።

የሚቀረው የመጨረሻው ምክር ነው፤ ሥልጣን እስኪያዝና ነገሩ እስኪረጋጋ ይጠበቅ የሚለው። በስዊዘርላንድ ሴቶች በፌዴራል ምርጫ ይሳተፉ ወይ የሚለው ጥያቄ በ1959 ለወንዶች ድምፅ ቀርቦ ሁለት ሦስተኛ በሚሆኑት ተቃውሞ ወደቀ፤ ያለፈው በ1971 ነው። አፐንዜል ኢነርሮደን በተባለችው ትንሽ ካንቶን (የአገሪቱ ክፍለ ግዛት) ወንዶች በኤፕሪል 1990 በአደባባይ ተሰብስበው በካንቶኑ ጉዳይ ሴቶች እንዳይመርጡ አሁንም ወሰኑ፤ የፌዴራሉ ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት ኖቬምበር ውሳኔውን ሻረው። ስዊዘርላንድ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የተረጋጋች፣ የበለጸገች፣ በዴሞክራሲዋ የምትመሰገን አገር ነበረች። ጸሐፊው ጠብቁ የሚሉት መረጋጋት ከዚህ የበለጠ ምን ሊሆን እንደሚችል አላብራሩም፤ የአፐንዜል ሴቶችም መብታቸውን ያገኙት አገሪቱ ስለ ተረጋጋች አይደለም፣ ከመካከላቸው አንዳንዶቹ እንደ ሴት ከሰው ሊቆጠሩ ፍርድ ቤት ስለ ሄዱ ነው።